በታብላ ፍጥነት ውስጥ የታላውን ዑደት ይዞ ስለመቆየት

የሰሜን ህንድ ክላሲካል ሙዚቃ ሲያዳምጡ ታብላ (በሁለት እጅ የሚመታ ጥንድ ከበሮ) ተጫዋቹ ሲፈጥን ቆጠራው እንደሚጠፋብዎት፣ ሙዚቀኞቹ ግን ያን ሁሉ ተለያይተው ቆይተው በአንድ ቅጽበት እንዴት እንደሚገናኙ እንዳልገባዎት ጠይቀዋል። ለዓመታት ታብላ የተማርኩ እንደመሆኔ ምክሬ አንድ ነው፦ የከበሮውን ምቶች አይቁጠሩ፤ ዑደቱን በእጅዎ ይያዙ። የእኔም መምህር ለረጅም ጊዜ ከበሮ ሳያስነኩኝ የሚያሠሩኝ ይህንኑ ነበር።

ታላ የሚባለው እየተደጋገመ የሚዞር የምቶች ዑደት ነው። በብዛት የሚሰማው ታላ ቲንታል ሲሆን፣ በአራት በአራት የተከፈሉ 16 ምቶች አሉት። በ1ኛው፣ በ5ኛውና በ13ኛው ምት ይጨበጨባል፤ በ9ኛው ላይ ግን ባዶ መሆኑን ለማሳየት መዳፍ ወደ ላይ ይገለበጣል። የመጀመሪያው ምት ሳም፣ 9ኛው ካሊ ይባላሉ። መሠረታዊው አመታት በምቶቹ ስም ሲጠራ እንዲህ ነው፦ ዳ ዲን ዲን ዳ፣ ዳ ዲን ዲን ዳ፣ ዳ ቲን ቲን ታ፣ ታ ዲን ዲን ዳ። «ዳ» እና «ዲን» በሚባሉበት ጊዜ በግራ እጅ የሚመታው ባያን በወፍራም ድምፁ ያስተጋባል፤ በ«ቲን» እና በ«ታ» ላይ ይህ ድምፅ አይኖርም። ስለዚህ ከ10ኛው እስከ 13ኛው ምት ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋና በ14ኛው ይመለሳል። ጆሮዎ ይህን መመለስ ከለመደ፣ ሳም ሊደርስ ሦስት ምት እንደቀረው ሳይቆጥሩ ያውቃሉ።

ግራ የሚያጋባው ብዙውን ጊዜ ቲሃይ ነው፤ ይህም አንድ ሐረግ ሦስት ጊዜ ተደግሞ የመጨረሻው ምቱ ሳም ላይ እንዲያርፍ የሚደረግበት ስሌት ነው። ለምሳሌ «ቲቴ ካታ ጋዲ ጊና ዳ» አምስት ምት ይወስዳል። ከሳም ተነስቶ፣ በየመካከሉ አንድ ምት እያረፈ ሦስት ጊዜ ሲባል ድምሩ 17 ስለሚሆን፣ ሦስተኛው «ዳ» በቀጣዩ ዑደት የመጀመሪያ ምት ላይ ይወድቃል። የመጀመሪያው «ዳ» በ5ኛው ምት፣ ማለትም በጭብጨባ ላይ ሲያርፍ፣ ሁለተኛው በ11ኛው፣ ምንም ምልክት በሌለበት ቦታ ያርፋል። አድማጩ ተጫዋቹ የሳተ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው፤ በእኔ ግምት የቲሃይ ውበትም ያለው በዚሁ መጠራጠር ውስጥ ነው።

ለመለማመድ የታብላ ሶሎ ይምረጡ። በሶሎ ጊዜ ሳራንጊ (በቀስት የሚጫወት ባለ ክር መሣሪያ) ወይም ሃርሞኒየም (በነፋስ የሚሠራ ባለ ቁልፍ መሣሪያ) ሌህራ የሚባል፣ ልክ አንድ ዑደት የሚሞላ አጭር ዜማ ያለ ለውጥ ይደጋግማል፤ ጊዜ ጠባቂው ዜማው ሲሆን ከበሮው ነፃ ይሆናል ማለት ነው። የታብላ ተጫዋቹን የአላ ራካን ወይም የልጃቸውን የዛኪር ሁሴንን (1951–2024) ሶሎ ከፍተው፣ ሲጠፋብዎት ወደ ሌህራው ይመለሱ። ሩፓክ የተባለው ባለ 7 ምት ታላ ግን በካሊ ስለሚጀምር ለጊዜው ያቆዩት።

በዝግታ የሚዘፈነውንም ኪያል (የክላሲካል ዘፈን ዓይነት) በኋላ ይድረሱበት፤ አንዱ ዑደት እስከ አንድ ደቂቃ ሊደርስ ስለሚችል እጅ ብቻ አይበቃም። እንዲህ ያለው ዘፈን ብዙ ጊዜ የሚሄደው በባለ 12 ምቱ ኤክታል ሲሆን፣ «ቲራኪታ» የሚባለው ፈጣን አመታት በ4ኛውና በ10ኛው ምት ላይ ይሰማል፤ ሁለተኛውን ከሰሙ በኋላ ከሳም በፊት የሚቀሩት ሁለት ምቶች ብቻ ናቸው።