80 ክፍት ነው ብዬ ነበር

ሰሞኑን አንድ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ለሠራነው የፕሪንት ፕሮግራም የራሱን ፖርት እንጠይቅለት ወይስ በ80 እናሳልፈው?» ብሎ ጻፈልኝ። ፖርት ማለት በኔትወርክ የመጣው መልእክት የየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ የሚለይ የበር ቁጥር ነው፤ 80 የድረ ገጾች በር ነው። መልሱ ሁለት መስመር ነው። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ሐምሌ 1993 ዓ.ም. ነው። ወጣት ነበርኩ፤ ጉራዬ ለጉድ። ቅርንጫፍ ቢሮ የሚጻፍ ደብዳቤ ዋናው መሥሪያ ቤት ፕሪንተር ላይ እንዲወጣ ፕሮግራም ሠራሁ። ፕሪንተሯ የግዕዝ ፊደል ስለማታውቅ ገጹን እንደ ሥዕል አድርጌ ነበር የምልከው። በዚያ ብቻ ስንት ቀን ተጎረረ!

ኔትወርኩን የሚይዙትን ሰው ጋሼ ነበር የምንላቸው። «የራሱን ቁጥር ስጠው፤ ሲያስቸግር እሱን ብቻ እዘጋዋለሁ» አሉኝ። የአያናን ማመልከቻ ሳይቀር አትመው ሰጡኝ። አያና የሰው ስም ይመስላል እንጂ የኢንተርኔት ቁጥሮችን የሚመዘግበው አካል ነው። ክፍያ እንኳ የለውም። መሳቢያ ውስጥ ወተፍኩት። 80 ክፍት ነው፣ የኔትወርኩ ዘበኛ ፋየርዎሉ ያሳልፋል፣ ምን አለፋኝ?

አንድ ጠዋት ስገባ ወለሉ ወረቀት በወረቀት ሆኗል። አንዱን አነሳሁ። መጀመሪያ ላይ አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ከዚያ ኤን፣ ኤን፣ ኤን፣ ኤን... ኮድ ሬድ የሚባለው ትል፣ ማለትም ራሱን እያባዛ በኔትወርክ የሚዛመት ተንኮለኛ ፕሮግራም ነበር። ያን ሰሞን ዓለምን እየዞረ የሰርቨሮችን 80 ያንኳኳል። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ በ80 የመጣውን ሁሉ እሺ ብሎ ያትማል።

ጋሼ 80ን ዘጉት። ድረ ገጹም አብሮ ጠፋ። ከሰዓት አለቃችን ጋ ተጠራን። «ማነው የዘጋው?» «እኔ ነኝ» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ዞር ብለው አዩኝ። እኔ የምንጣፉን አበባ እየቆጠርኩ ነበር። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው የወጣው በዚያችው ፕሪንተር ነው።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። በኔትወርክ ለማተም የወጣው የጋራ ደንብ አይፒፒ ሲዘጋጅም በ80 ይለፍ ያሉ ነበሩ፤ በኋላ 631 ተሰጠው። የፊንላንዱ ታቱ ኡሎነን እ.ኤ.አ. በ1995 ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በምስጢር ለሚያገናኘው ፕሮግራሙ ለኤስኤስኤች 22ን በኢሜይል ጠይቆ በማግስቱ አገኘ። ዛሬ እንደዚያ አይቀልም። ከ1024 በታች ያለውን ለማግኘት ጠንካራ ምክንያት ይፈለጋል፤ ከ49152 ጀምሮ ያለው ለማንም አይመዘገብም። ደኅንነቱ ለተጠበቀው ቅጂ ሁለተኛ ቁጥር እንጠይቃለን ካላችሁም በከንቱ አትድከሙ።

ስለዚህ ጠይቁ። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ አሥር ፕሮግራም ቢመጣልኝ ለዘጠኙ 631 ይበቃል። መጀመሪያ አይፒፒን አንብቡት። እናንተ ዘንድሮ ቻትቦቱ ካላሳጠረላችሁ አታነቡም። እኔም ያኔ የአንድ ቀን ሥራ የማይሆን ማመልከቻ አልሞላሁም፤ ምን አፍ አለኝ።

ጋሼ ጡረታ ከወጡ ቆዩ። በዓል ሲመጣ እደውላለሁ። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን። ስለ ወረቀቱ አንስቼባቸው አላውቅም።