መነጽሩን እንዳታወልቅ፤ ስለ መጀመሪያው የኤርሶፍት ጨዋታ ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጨዋታ ናቸው። ኤርሶፍት በአስመሳይ ጠመንጃ እየተተኳኮሱ የተመታው የሚወጣበት ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጃፓን ተጀመረ፤ እዚያ ተራው ሰው እውነተኛ ጠመንጃ እንዳይዝ ሕጉ በጣም ጥብቅ ነው። መሣሪያው ቁርጥ ጠመንጃ ይመስላል፤ የሚተፋው ግን 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት፣ ከአተር የማትበልጥ የፕላስቲክ ፍሬ ነው። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚያድጉ ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ይሄዱበታል። እኔም ልጄን ሳመላልስ ራሴ መጫወት ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

«ከጦርነት ሸሽቼ የመጣሁ እናት ነኝ። የ15 ዓመት ልጄ ጓደኞቹ ጋብዘውት ልሂድ ይለኛል። ጠመንጃ ይዞ ሳየው ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል። ልከልክለው?» (ከአሌክሳንድሪያ)

እህቴ፣ ቢከለክሉት ማንም ሊወቅስዎት አይገባም፤ ምክንያቱንም ለልጅዎ በግልጽ ይንገሩት። ብዙ ልጆች ወላጆቻቸው ያዩትን የሚሰሙት እንዲህ ባለ አጋጣሚ ነው። ለመወሰን ከተቸገሩ ግን አንድ ቅዳሜ አብረውት ይሂዱና ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይመልከቱ። ዳኞቹ ሕጉን በትክክል ያስከብራሉ? መነጽሩን የሚያወልቅ ሰው ወዲያው ይቆጡታል? ትንንሽ ልጆች ከጎልማሶች ጋር ተደባልቀው ይጫወታሉ? ዳኛው ስልኩን ሲነካካ ካዩት ልጅዎን ይዘው ይመለሱ። ሥርዓት ያለው ሜዳ ከሆነ ልጁ ይዞት የሚመጣው በአብዛኛው ንብ የነደፈችው የሚመስል ቀይ እብጠት ነው።

«ለሥራ የምጠቀምበት መከላከያ መነጽር አለኝ፤ የፀሐይ መነጽርም አለ። ሌላ መግዛት ግድ ነው?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

የፀሐይ መነጽሩን ቤት ይተዉት። ብዙ የአሜሪካ ሜዳዎች የፍሬዋን ፍጥነት በቤት ውስጥ ጨዋታ እስከ 350፣ በደጅ ደግሞ እስከ 400 ጫማ በሰከንድ ይፈቅዳሉ። 350 ጫማ ማለት ከ100 ሜትር በላይ በአንድ ሰከንድ ነው። እንዲህ የምትበር ፍሬ ተራ መነጽር ብትመታ ስባሪው ራሱ ዓይን ውስጥ ይገባል።

የሥራ መነጽርዎን ገልብጠው ክፈፉንና ሌንሱን ይመልከቱ። «ዜድ 87» (Z87) ከሚለው የአሜሪካ የመከላከያ መነጽር ደረጃ ጽሑፍ ቀጥሎ የመደመር ምልክት ካለ ለኃይለኛ ምት የተፈተነ ነው፤ ምልክቱ ከሌለ አይመኑት። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ «ኢኤን 166» (EN 166) የሚለውን የአውሮፓ ደረጃ ፈልጉና «ኤፍ» (F) ሳይሆን «ቢ» (B) የተጻፈበትን ምረጡ። ኤፍ የተፈተነው በሰከንድ 45 ሜትር ለምትበር ፍሬ ነው፤ ቢ ግን ለ120 ሜትር ነው። ምልክቱ ቢኖርም በጎንና ከታች ክፍተት ያለው የሥራ መነጽር ለዚህ ጨዋታ አይሆንም፤ ፍሬዋ ከግድግዳ ነጥራ በዚያች ክፍተት ትገባለች። ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚቀመጥና በላስቲክ ከኋላ የሚታሰር ይሁን። የሽቦ ወንፊት መነጽር እንፋሎት ስለማይለብስ ብዙዎች ይወዱታል፤ እኔ ግን አልመክረውም፤ ፍሬዋ ስትሰበር ስባሪው በወንፊቱ ያልፋል። ወንፊቱን ለአፍና ለአፍንጫ ጭንብል ብትጠቀሙበት ጥሩ ነው። የፊት ጥርስ አንዴ ከተሸረፈ ተመልሶ አይበቅልም፤ ስለዚህ ጭንብሉን ለልጆች ግዴታ አድርጉት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጥሩ መነጽር ያለው ሰው ዓይኑን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ መነጽሩን ባወለቀባት ቅጽበት ነው። ባለፈው ሐምሌ አንድ ወጣት ከአጠገቤ ከእንጨት ምሽግ ጀርባ ተንበርክኮ ነበር። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ሌንሱ በላብ ደፍኖ ምንም አይታየውም። አውራ ጣቱን ከመነጽሩ ሥር ሰደደና ገና ከግንባሩ ሳያነሣው እጁን ይዤ ወደ ታች ጫንኩት። ወዲያው ሁለት ፍሬዎች እንጨቱ ላይ ጠቅ ጠቅ አሉ። ወጣቱ ምንም አልተናገረም፤ እጁ ግን በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ ሁለት ንብርብር ሌንስ ያለውን ግዙ፤ እንፋሎት መከላከያውንም ከቤት ቀቡት። ሌንሱ ከደፈነ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ እጃችሁን አንሥታችሁ ዳኛውን ጥሩ። መነጽር የሚወልቀው መተኮስ ወደማይፈቀድበት ማረፊያ ክልል ከገባችሁ በኋላ ብቻ ነው።

«እንደምንም ብሎ ዓይን ቢመታስ?» (ስም አልተጻፈም)

አትሹት፣ አትጫኑት፣ ጠብታም አትጨምሩበት። የወረቀት ኩባያ ታቹን ቆርጣችሁ ዓይኑን ሳይነካ በአጥንቱ ዙሪያ አስቀምጡና በፕላስተር አጣብቁት። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም ስለሚያቀጥኑ አይሰጡት። ከዚያ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ሰኞ ይታያል አይባልም። በዓይኑ ጥቁር ክፍል ፊት ለፊት ደም ሊቋጠር ይችላል፤ ሕመሙ ቢቀልም ግፊቱ ከፍ ብሎ እይታን ሊያጠፋ ይችላል።

«ልጄ አዲሱን መሣሪያ ከቤታችን ፊት ለፊት ለጓደኞቹ ማሳየት ይፈልጋል። ብርቱካናማ ጫፍ ስላለው ችግር የለውም አይደል?» (ከስፕሪንግፊልድ)

ችግር አለው፤ ከሁሉም ደብዳቤ እንቅልፍ የነሣኝ ይህኛው ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 2014 በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ታሚር ራይስ የተባለ የ12 ዓመት ጥቁር ልጅ መናፈሻ ውስጥ የኤርሶፍት ሽጉጥ ይዞ ነበር፤ የውሸት መሆኑን የሚያሳየው ብርቱካናማ ጫፍ ወልቋል። ለፖሊስ የደወለው ሰው «ምናልባት የውሸት ነው» ብሎ ነበር፤ ይህ ቃል ግን ለተላኩት ፖሊሶች አልደረሳቸውም። መኪናቸው በቆመ በሰከንዶች ውስጥ ተተኮሰበት፤ በማግስቱ ሞተ። ልጆቻችን በዚህ አገር ጎዳና ላይ በመጀመሪያ የሚታዩት ጥቁር ልጆች ሆነው ነው። ማንም ፖሊስ ከ20 ሜትር ርቀት የጫፉን ቀለም አጣርቶ እስኪወስን ድረስ አይጠብቅም።

ስለዚህ መሣሪያው ከቤት በር እስከ ሜዳው በር ድረስ በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ከመኪናው ኋላ ይቀመጥ። ካዝናው (የፍሬዎቹ መያዣ) ይውጣ፣ ባትሪው ይነቀል። በረንዳ ላይ፣ በመናፈሻ፣ በመኪና መስኮት፣ በነዳጅ ማደያ በፍጹም አይወጣም። ፖሊስ ካስቆማችሁ ሁለቱም እጆች መሪው ላይ ይሁኑ፤ ምን እንደያዛችሁ በቃል ተናገሩ እንጂ ለማሳየት አትዘርጉ። ብርቱካናማውን ጫፍ ማንም አያውልቀው፣ ማንም ደግሞ አይመካበት። በቨርጂኒያ ሕግ አስመሳይ መሣሪያንም ቢሆን ሰው በሚያስፈራ ሁኔታ መደገን እስከ 12 ወር እስራት ያስቀጣል። ትምህርት ቤት ይዞ መሄድማ፣ በቦርሳም ይሁን በመኪና፣ ጭራሽ አይታሰብ።

«ለንደን ነው ያለሁት፤ 19 ዓመቴ ነው። ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ልግዛ?»

አትግዛ፣ ተከራይ። በብሪታንያ እውነተኛ የሚመስለውን ለመግዛት ተጫዋች መሆንህን ማሳየት አለብህ። የተለመደው መንገድ ከ56 ቀናት ባላነሰ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 3 ጊዜ በአንድ ሜዳ ተጫውቶ መመዝገብ ነው። እስከዚያ የሜዳው ኪራይ ይበቃሃል፤ የምትወደው መሆኑንም ታውቅበታለህ።

«ጨዋታው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ልጄ ደግሞ ፍልሰታን ይጾማል። ምን ላልብሰው?» (ከሜሪላንድ)

ቀኑን ይለውጡት። እስከ ቅዳሴ መውጫ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ በነሐሴ ሙቀት ረጅም እጅጌና ጭንብል ለብሶ መሮጥ ልጅን ራስ ያስታል። ጾሙን ማስፈታት አያስፈልግም፤ ከጾሙ በኋላ ሌላ ቅዳሜ አለ።

ልብሱ ቀላል ነው፦ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ ጓንት። የሱሪውን ጫፍ ካልሲው ውስጥ ይክተት፤ በጫካው ሣር ላይ «ላይም» (Lyme) የተባለውን በሽታ የምታስተላልፍ መዥገር አለች። ማታ ገላውን ሲታጠብ ብብቱን፣ ከጉልበቱ ጀርባና የፀጉሩን ሥር ይፈትሹ። ካገኙ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዘው ቀጥ አድርገው ይንቀሉ፤ ቅቤ ወይም ክብሪት አይሞክሩ። በሽታው ለመተላለፍ ብዙውን ጊዜ መዥገሯ ከአንድ ቀን በላይ ተጣብቃ መቆየት አለባት፤ በዚያው ማታ መፈተሽ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

«መመታቴን እንዴት አውቃለሁ? ሳልናገር ብቀርስ?» (ከሲያትል)

ፍሬዋ ልብስ ላይ ቀለም ስለማትተው የመመታትህ ማስረጃ የአንተ ቃል ብቻ ነው። ልብስህ ላይ ጠቅ ሲል ከሰማህ ወይም ከተጠራጠርክ «ሂት» (ተመታሁ) ብለህ ጩህ፣ እጅህን አንሣ፣ ቀይ ጨርቅ ራስህ ላይ አድርገህ ውጣ። አለመናገር ውሸት ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው፤ የመታህ ሰው አልደረሰም ብሎ ደጋግሞ ይተኩሳል፣ ይቀርባልም። ስትወጣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርግ። ማረፊያው በር ላይ መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ፣ ከዚያ ውስጥ የቀረችውን ፍሬ ወደ መሬት ተኩሰህ አውጣ፣ ቃታውን ቆልፍ፣ የአፈሙዙን ሽፋን አልብስ። ቅደም ተከተሉን አትለውጥ፤ ካዝናው ሳይወጣ የምትተኩስ ከሆነ ሌላ ፍሬ ተከትላ ትገባለች።