የማሾ ፓኬት ለቬች ይሆናል?

ጥያቄ፦ ኩታበር ወረዳ የምኖር አርሶ አደር ነኝ። አንዱ ማሳዬ ስንዴ በስንዴ ላይ ሲዘራበት ኖሮ ደክሟል። በመጪው በልግ ቬች የተባለውን የመኖ ተክል ዘርቼ ለክረምቱ ስንዴ ገልብጬ ልቀብረው አስቤአለሁ። ቃሉ ወረዳ የሚኖረው ዘመዴ ለማሾ ከገዛው የባክቴሪያ ማዳበሪያ አንድ ፓኬት ተርፎታል። የቬቹን ዘር በእሱ ልሸው?

መልስ፦ ሐሳብዎ ግሩም ነው፤ ያንን ፓኬት ግን አይጠቀሙበት። ባክቴሪያው ከአየር የሚወስደውን ናይትሮጅን ለተክሉ የሚያቀብለው ሥሩ ላይ እባጭ ሠርቶ ነው፤ እባጩን የሚሠራው ደግሞ ከወገኑ ጋር ብቻ ነው። የማሾው ባክቴሪያ ከቬች ጋር አይስማማም። ቬች ከባቄላ፣ ከአተር፣ ከምስርና ከጓያ ጋር አንድ ወገን ስለሆነ ለባቄላ የተዘጋጀውን ይጠይቁ። የሽንብራው ሌላ ነው፤ የቦሎቄውም እንደዚሁ።

በአገራችን የተለመደው የ125 ግራም ፓኬት ለሩብ ሄክታር ይበቃል። ሲገዙ የአገልግሎት ዘመኑን ያንብቡ። በውስጡ ያለው ሕይወት ስለሆነ ፀሐይና ሙቀት ይገድለዋል፤ እስከሚዘሩበት ቀን ከምድጃ ርቆ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።

የዘሩ ዕለት ጥቂት ስኳር በውሃ በጥብጠው ዘሩን ጥላ ሥር ያርጥቡት። ፍሬው ወዝ ይያዝ እንጂ ውሃ አይቋጥር። ከዚያ ዱቄቱን ነስንሰው እያንዳንዱ ፍሬ እስኪለብስ ድረስ በእጅዎ ያሹት፤ ወዲያው እርጥብ አፈር ላይ ዘርተው ያልብሱት። ያደረ ዘር ብዙ ባክቴሪያ አጥቷል። በፀረ ሻጋታ መድኃኒት የታሸ ዘር አይውሰዱ፤ ኤንፒኤስ የተባለውን ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ የሚጨምሩ ከሆነም ከዘሩ ጋር አይቀላቅሉት። ፎስፈረሱ ለእባጩ ይጠቅማል፤ ማዳበሪያው ዘሩን ሲነካ ግን ባክቴሪያውን ይጎዳል። ዩሪያ ቬቹ ላይ አያስፈልግም፤ ናይትሮጅን በገፍ ያገኘ ተክል እባጭ መሥራቱን ይተዋል።

ከማሳው ዳር አንድ ጠባብ መደብ ያልታሸ ዘር ይዝሩበት፤ እጅዎ ባክቴሪያውን ሳይነካ ከሁሉ አስቀድመው። ለረጅም ዘመን ባቄላ የተፈራረቀበት መሬት የራሱ ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ ልዩነቱ ትንሽ ይሆናል፤ ለከርሞ ገንዘብዎን ይቆጥባሉ። ማበብ ሲጀምር ከሁለቱም ወገን ጥቂት ተክሎችን በአካፋ ቆፍረው ያውጡ። በእጅ ከጎተቱ እባጩ አፈር ውስጥ ይቀራል። እባጩን በጥፍርዎ ሲሰነጥቁት ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም። መሬቱ አሲዳማ ከሆነም ባክቴሪያው ይቸገራል፤ ኖራ እንደሚያስፈልገው ለማወቅ አፈሩን ያስመርምሩ።

እኔን ከፓኬቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በልግ ሲያልቅ መኖ ይጠፋል፤ በሬዎችዎ ቆመው ሲያዩት ለምለሙን ቬች መቅበር እንደሚከብድ አውቃለሁ። ናይትሮጅኑ ግን በብዛት ያለው ግንድና ቅጠሉ ውስጥ ነው። ሁሉንም አጭደው ከወሰዱት ለስንዴው የሚቀረው ሥሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ማሳውን ይክፈሉት፤ ግማሹን ይቅበሩ፣ ግማሹን ለከብቶቹ ይጨዱ። የሚያጭዱትንም አይንቀሉት፤ ሥሩ መሬት ውስጥ ይቅር፤ እበቱንም ኩበት ሳያደርጉ ወደዚያው ማሳ ይመልሱ። የሚቀበረውን ሲያብብ፣ ፍሬ ሳይቋጥር ያርሱት፤ ስንዴው ከመዘራቱ በፊት እንዲበሰብስ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይተዉለት።