ከቴምብር ቀረጥ እስከ ነፃነት ጦርነት፦ ስለ አሜሪካ አብዮት ጥያቄና መልስ

ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ወገኖቻችን «ቅኝ ተገዢዎቹ እንግሊዝን ለምን ወጉ?» ለሚለው ጥያቄ «በከባድ ግብር ምክንያት» የሚለውን መልስ ይሸመድዳሉ። መልሱ ፈተናውን ለማለፍ ይበቃል፤ ነገሩን ግን አያስረዳም። በዚህ ጉዳይ ላይ ያላችሁን ጥያቄ እንድትልኩልኝ ጠይቄ ስለነበር የደረሱኝን ከዚህ በታች እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ግብሩ በእርግጥ ያን ያህል ከባድ ነበር?

አልነበረም። እንግሊዝ አገር የሚኖረው ሰው አሜሪካ ካለው ቅኝ ተገዢ በብዙ እጥፍ ይከፍል ነበር። እንዲያውም የመጀመሪያው ቅሬታ የተነሣው ቀረጥ በመቀነሱ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ከ1733 ጀምሮ ከውጭ ደሴቶች በሚገባ ሞላሰስ ላይ በጋሎን 6 ፔንስ ይከፈል የሚል ሕግ ነበር፤ ነጋዴው ግን ለጉምሩክ ሹሙ ጥቂት ጉቦ እየሰጠ ያሳልፈው ስለነበር ሕጉ ከወረቀት አልፎ አያውቅም። በ1764 የወጣው የስኳር ሕግ ቀረጡን ወደ 3 ፔንስ አወረደው፤ ነገር ግን በዚህ ጊዜ ቀረጡ በትክክል እንዲሰበሰብ ተወሰነ፤ በኮንትሮባንድ የተከሰሰውም ሰው ከአገሩ ሰዎች የተውጣጣ ጁሪ (ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብሎ የሚወስን የተራ ሰዎች ሸንጎ) በሌለበት የባሕር ጉዳይ ፍርድ ቤት እንዲዳኝ ተደረገ። ነጋዴውን ያስቆጣው ከሦስቱ ፔንስ ይልቅ ይህ ዳኝነት ነበር።

ጥያቄ፦ እንግሊዝ ከመቶ ዓመት በላይ ዝም ብላ ኖራ ድንገት ገንዘብ ለምን አስፈለጋት?

በ1763 ያበቃው የሰባት ዓመት ጦርነት ፈረንሳይን ከካናዳ አስወጥቶ እንግሊዝን ትልቅ ባለ ግዛት ቢያደርጋትም ዕዳዋን ወደ 130 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አድርሶት ነበር። በዚያ ላይ በአዲሱ ድንበር ወደ 10,000 የሚጠጋ ወታደር ለማኖር ታቅዶ ስለነበር «የሚጠበቁት እነርሱ ናቸውና ከወጪው ድርሻቸውን ያንሡ» የሚል አሳብ በለንደን ሰፈነ። በእኔ ግምት ክርክሩ በራሱ ውሃ የሚያነሣ ነው። ሚኒስትሮቹ የዘነጉት ፈረንሳይ ከአጠገባቸው ስትሄድ ቅኝ ተገዢዎቹ የጠባቂው ጦር አስፈላጊነት እንደማይታያቸው ነው።

ጥያቄ፦ የቴምብር ቀረጥ የሚባለው አገር ቤት ውክልና ስንሰጥ ወይም ውል ስንዋዋል የምንከፍለው ዓይነት ነው?

የቅርብ ዘመዱ ነው። በ1765 የወጣው ሕግ ውል፣ ኑዛዜ፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ የመጠጥ ቤት ፈቃድና ጋዜጣ ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ ካልሆነ በቀር እንዳይዘጋጅ አዘዘ። የመጫወቻ ካርታ እንኳ 1 ሽልንግ፣ የዳይስ መጫወቻ ደግሞ 10 ሽልንግ ተጣለበት። ክፍያው በእንግሊዝ ገንዘብ እንዲፈጸም ስለተደነገገ፣ ይህ ገንዘብ በቅኝ ግዛቶቹ ብርቅ በሆነበት ጊዜ ችግሩ ተባባሰ። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ያላሰቡት ነገር ቢኖር ቀረጡ በቅድሚያ የሚያርፈው በጠበቃው፣ በአታሚውና በመጠጥ ቤት ባለቤቱ ላይ መሆኑን ነው፤ እነዚህ ደግሞ የሚናገሩት፣ የሚጽፉትና ሕዝብ የሚሰበስቡት ሰዎች ነበሩ።

ኦገስት 14 ቀን 1765 ንጋት ላይ የቦስተን ሰው ከቤቱ ሲወጣ ማኅተም ያለበትን ወረቀት እንዲያከፋፍል በተሾመው በአንድሩ ኦሊቨር አምሳል የተሠራ አሻንጉሊት ከአንድ ትልቅ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ አየ። ማታ ሕዝቡ የኦሊቨርን ቤት ሰባበረ፤ በማግስቱም ኦሊቨር ሹመቱን እንደሚለቅ አስታወቀ። ሌሎቹ አከፋፋዮችም አርአያውን ስለተከተሉ ሕጉ ሥራ በሚጀምርበት በኖቬምበር 1 ቀን በአብዛኞቹ ቅኝ ግዛቶች ወረቀቱን የሚሸጥ ሰው አልተገኘም። ነጋዴዎችም የእንግሊዝ ሸቀጥ ላለማስመጣት ስለተማማሉ ገበያቸው የተቋረጠባቸው የእንግሊዝ ነጋዴዎች ራሳቸው ፓርላማውን ለመኑ፤ ሕጉም ማርች 18 ቀን 1766 ተሻረ። ይሁንና በዚያው ዕለት ፓርላማው ቅኝ ግዛቶቹን «በማናቸውም ጉዳይ» በሕግ የማሰር ሥልጣን እንዳለው የሚያውጅ ሌላ ሕግ አጸደቀ። በአሜሪካ ሕዝቡ ደስታውን ሲያከብር ይህን ሁለተኛውን ሕግ ልብ ያለው ጥቂት ነበር።

ጥያቄ፦ «ያለ ውክልና ግብር የለም» ሲሉ በለንደን ፓርላማ ወንበር እንዲሰጣቸው ነው የጠየቁት?

አይደለም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በኦክቶበር 1765 ኒው ዮርክ ላይ የተሰበሰቡት የዘጠኝ ቅኝ ግዛቶች መልእክተኞች ከርቀቱ የተነሣ በለንደን መወከል እንደማይቻላቸው ራሳቸው ጽፈዋል። ጥያቄያቸው ግብር የሚጥልብን የየራሳችን ምክር ቤት ብቻ ይሁን የሚል ነበር። ለንደን በበኩሏ «እያንዳንዱ የፓርላማ አባል የሚወክለው መላውን ግዛት ነው፤ ማንቸስተርና በርሚንግሃምም እንደራሴ የላቸውም» ስትል መለሰች። እውነት ነው፣ አልነበራቸውም፤ ነዋሪ የሌለበት ለማለት የሚያስደፍረው ኦልድ ሳረም የተባለ የእንግሊዝ ቦታ ግን ሁለት እንደራሴ ይልክ ነበር። ይህ መልስ ለእንግሊዞች ጉዳያቸውን የሚያስረዳ መስሏቸው ሳለ አሜሪካውያኑ የሥርዓቱን ብልሽት አዩበት። (በዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የምትነዱ ወንድሞችና እኅቶች መፈክሩን ከ2000 ጀምሮ በከተማዋ የመኪና ታርጋ ላይ ሳታዩት አትቀሩም፤ የዲሲ ነዋሪ የፌዴራል ግብር እየከፈለ በኮንግረስ ድምፅ የሚሰጥ አባል የለውም።)

ጥያቄ፦ ሻዩ ረክሶ ሳለ ባሕር ውስጥ መጣሉ ምን ይሉታል?

ፓርላማው በ1767 በሸቀጦች ላይ ከጣላቸው አዳዲስ ቀረጦች መካከል የመስተዋቱ፣ የቀለሙ፣ የእርሳስ ማዕድኑና የወረቀቱ ሲሻሩ በአንድ ፓውንድ ሻይ ላይ የተጣለው 3 ፔንስ ብቻ ለፓርላማው ቀረጥ የመጣል መብት ማስከበሪያ ተብሎ ቀረ። በ1773 ፓርላማው የከሰረውን የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ለማዳን ሻዩን በቀጥታ አሜሪካ ወስዶ በመረጣቸው ወኪሎች እንዲሸጥ ፈቀደለት። ዋጋው ከሆላንድ ከሚገባው የኮንትሮባንድ ሻይ ጋር የሚፎካከር ሆነ። ኮንትሮባንዲስቶቹ ጥቅማቸው እንደተነካ አልክድም፤ ሌላው ሰው ግን ርካሹን ሻይ የጠጣ ሁሉ ቀረጡን አምኖ እንደተቀበለ ይቆጠርበታል ብሎ ሠጋ።

ዳርትማውዝ የተባለችው መርከብ ቦስተን የደረሰችው ኖቬምበር 28 ቀን ነው። በ20 ቀን ውስጥ ቀረጥ ካልተከፈለ ጉምሩክ ጭነቱን ይወርሳል፤ ሕዝቡ ሻዩ እንዳይራገፍ ዘብ ቆሟል፤ አገረ ገዥው ሃቺንሰን ደግሞ ቀረጥ ሳይከፈል መርከቧ እንድትመለስ አልፈቅድም አለ። ቀነ ገደቡ ሊያልቅ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ ዲሴምበር 16 ቀን ማታ፣ ሞሃውክ እንደሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የለበሱ ሰዎች በሦስት መርከቦች ላይ ወጥተው 342 ሣጥን በመጥረቢያ እየፈለጡ ወደ ባሕሩ ገለበጡት። ከሻዩ በቀር ሌላ ንብረት ላለመንካት ተጠንቅቀዋል። ኪሳራው ወደ 10,000 ፓውንድ ይጠጋ ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ክርክሩ ጦርነት የሆነው መቼ ነው?

እኔ 1774ን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በዚያ ዓመት ነገሩ ከግብር ወጥቶ ወደ ቅጣት ተሻገረ። ፓርላማው ከጁን 1 ቀን ጀምሮ የቦስተንን ወደብ ዘጋ፤ ቦስተን የምትገኝበትን የማሳቹሴትስን ቅኝ ግዛት የአስተዳደር ቻርተር ቀይሮ የከተማ ስብሰባ ያለ አገረ ገዥው ፈቃድ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይደረግ ከለከለ። ሻይ ያልደፋው ሌላው ቅኝ ግዛት «ነገ በእኔ» አለ። በሴፕቴምበር የ12 ቅኝ ግዛቶች እንደራሴዎች ፊላደልፊያ ላይ ተሰብስበው የእንግሊዝ ሸቀጥ እንዳይገባ ሲወስኑ፣ ውሳኔውን የሚያስፈጽም ኮሚቴ በየከተማውና በየአውራጃው እንዲመረጥ አደረጉ። እነዚህ ኮሚቴዎች የነጋዴውን መዝገብ ይመረምራሉ፤ አድማውን ያፈረሰውን ሰው ስም በጋዜጣ ያወጣሉ፤ ቆይተውም ባሩድ ማከማቸትና ሚሊሻ ማሠልጠን ያዙ። የእንግሊዝ ሹማምንት ገና በየቢሯቸው ተቀምጠው ሳለ ሕዝቡ ትእዛዝ የሚቀበለው ከኮሚቴው ሆነ።

ኤፕሪል 19 ቀን 1775 ወደ 700 የሚጠጉ የእንግሊዝ ወታደሮች ከቦስተን ተነሥተው ኮንኮርድ በተባለች ከተማ የተከማቸውን መሣሪያ ሊይዙ ሲሄዱ ሌክሲንግተን ሜዳ ላይ ሚሊሻ ተሰልፎ ጠበቃቸው። የመጀመሪያውን ጥይት ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ስምንት የአገሬው ሰዎች ወደቁ። እንግሊዞቹ ወደ ቦስተን ሲመለሱ ግን በመንገዱ ግራና ቀኝ ከድንጋይ ካቡ ጀርባ ሲተኮስባቸው ውለው ከሞተውም ከቆሰለውም ከጠፋውም 273 ሰው ጎደለባቸው።

ጥያቄ፦ ከዚያ በኋላ ወዲያው ነፃነት አወጁ?

ከአንድ ዓመት በላይ ወስዷል። በጁላይ 1775 ለንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ የመጨረሻ የእርቅ ልመና ልከው ነበር፤ ንጉሡ ግን በኦገስት ዐመፀኞች መሆናቸውን ዐወጀ። በጁላይ 1776 በወጣው የነፃነት አዋጅ በንጉሡ ላይ ከተዘረዘሩት ብዙ ክሶች መካከል ያለ ፈቃድ ግብር መጣል አንዲት አጭር መስመር ብቻ ናት፤ የቀረው ስለ ጦር፣ ስለ ዳኞችና ስለተበተኑ ምክር ቤቶች ነው።

ጥያቄ፦ በዚያ ጦርነት «የኢትዮጵያ ክፍለ ጦር» የሚባል ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ከእኛ አገር የሄደ ሰው ግን አልነበረበትም። የቨርጂኒያው አገረ ገዥ ሎርድ ደንሞር በኖቬምበር 1775 ከዐመፀኛ ጌቶቹ ኮብልሎ ለንጉሡ የሚዋጋ ባሪያ ነፃ እንደሚወጣ ዐወጀ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የተሰበሰቡት መቶዎች በዘመኑ አውሮፓውያን ጥቁርን ሁሉ በሚጠሩበት ስም የኢትዮጵያ ክፍለ ጦር ተባሉ። ብዙዎቹን የጨረሳቸው ፈንጣጣ ነው። ያለ ውክልና ግብር መክፈልን «ባርነት» ብለው ለሚጽፉት የቨርጂኒያ ባላባቶች ከግብሩ ሁሉ ይልቅ ወደ ነፃነት የገፋቸው ይህ አዋጅ ነው የሚሉ አሉ፤ ቢያንስ ሲያመነቱ የነበሩትን እንዳስወሰናቸው አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ነፃ ከወጡ በኋላ ግብሩ ቀረላቸው?

አልቀረላቸውም። ማሳቹሴትስ የጦርነቱን ዕዳ ለመክፈል የጣለችው ግብር በ1786 የራሷን ገበሬዎች አሳመፀ። በ1794 ደግሞ የምዕራብ ፔንስልቬንያ ገበሬዎች የውስኪ ቀረጥ አንከፍልም ብለው የሰብሳቢውን ቤት ሲያቃጥሉ ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ወደ 13,000 የሚጠጋ ሚሊሻ አስከትቶ የመንገዱን ከፊል ራሱ በፈረስ አብሮ ተጓዘ። ዐመፀኞቹ ግን ሳይዋጉ ተበተኑ፤ በአገር ክህደት የተፈረደባቸውን ሁለት ሰዎችም ዋሽንግተን በምሕረት ለቀቃቸው።