ካምቢዮ ውስጥ ተይዞ የቀረ ቱቦ፦ ጥያቄና መልስ

አንድ አባል የጀልባውን ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ሲቀይር የመምጠጫ ፓምፑን ቱቦ በዘይት መለኪያው ቀዳዳ አስገባ። ግማሹን ዘይት መጠጠ። ቱቦውን ላውጣ ሲል ግን እምቢ አለው። እሱ ጠይቆ ሳይጨርስ ተመሳሳይ ጥያቄ ከሌሎችም መጣ፤ ስለዚህ ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ።

ከሁሉ በፊት፦ ቱቦው ውስጥ እያለ ሞተር አይነሳም። የባትሪውን ማጥፊያ አጥፉ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። ከዚያ እናወራለን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቱቦው አንድ ስንዝር ያህል መጥቶ ቀጥ አለ። ስስበው ይለጠጣል እንጂ አይመጣም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ መጎተቱን ተው። የሚለጠጥ ቱቦ ሊበጠስ የቀረበ ቱቦ ነው።

ቀጥሎ ቱቦውን ከፓምፑ ንቀለው። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። ፓምፑ ውስጥ የመሳብ ኃይል ከቀረ የቱቦው አፍ ከካምቢዮው ግድግዳ ጋር እንደ አልቅት ይጣበቃል። አየር ሲገባለት ብቻውን የሚለቅበት ጊዜ አለ።

ካልለቀቀ ችግሩ ጫፉ ላይ ነው። መምጠጫ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ናይሎን ወይም ፖሊኤትሊን ነው። ተጠቅልሎ ስለሚቀመጥ የመጠቅለል ጠባይ አለው። ትኩስ ዘይት ሲያገኘው ይለሰልስና ወደዚያው ጠባዩ ይመለሳል። ከቀዳዳው ሥር ደግሞ ባዶ ቦታ አይደለም ያለው፤ ማርሽ አለ፣ ዘንግ አለ፣ የግድግዳው ጠርዝ አለ። ጫፉ በአንዱ ሥር ያልፍና እንደ መንጠቆ ይቆለመማል። አንተ በጎተትክ ቁጥር መንጠቆው ይጠብቃል።

ስለዚህ ዘይቱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ፤ ቢያድር ይሻላል። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ከብረትም ይበልጥ ይኮማተራል። ከዚያ ቱቦውን ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ መልሰው። ሩብ ዙር አዙረው። በሁለት ጣት ብቻ ሳበው። ከያዘ መልሰህ አስገባ፣ ሌላ ሩብ ዙር አዙር። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም አትቸኩል።

ይህም ካልሆነ ሽቦ ነው መፍትሔው። ቱቦው ውስጥ የሚገባ ቀጥ ያለ ጠንካራ ሽቦ ፈልግ። ጫፉን በሞረድ አድቦልቡለው። ተመሳሳይ ቱቦ ካለህ ጎን ለጎን አስተኛቸውና ሽቦው ከቱቦው አፍ ትንሽ እንዲያጥር ቴፕ ለጥፈህ ምልክት አድርግ። ከቱቦው አልፎ መውጣት የለበትም። ሽቦው ቀስ እያለ ሲገባ የተቆለመመውን ያቀናዋል። ጣትህ ላይ ይሰማሃል፤ መጀመሪያ ይከብዳል፣ ከዚያ ድንገት ይለቃል። ያኔ ቱቦውንና ሽቦውን አንድ ላይ አውጣ።

ጥያቄ፦ ሞተሩን ለአንድ ሰከንድ ብቻ ባስነሳው ንዝረቱ አያላቅቀውም?

መልስ፦ አያላቅቀውም። ማርሹ ይቆርጠዋል። ስባሪው ወደ ዘይት ፓምፑና ወደ ወንፊቱ ይሄዳል። በዘይት ግፊት የሚሠራ ካምቢዮ ግፊቱ ከወረደ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ይቃጠላል። ለአንድ ሰከንድም ቢሆን አታስነሳ።

ጥያቄ፦ የኔም ካምቢዮ ችግር አለበት። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ምን ዓይነት ችግር? ምን ካምቢዮ? ቱቦ ገብቶበታል ወይስ አልገባበትም? ይህን ሳትጽፍልኝ መመለስ አልችልም።

ጥያቄ፦ እኔ ጎትቼ በጥሼዋለሁ። የተቆረጠው ጫፍ በባትሪ መብራት ሳየው አራት ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይታየኛል። አልቅሼ ልሞት ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። የሚታይ ነገር ይወጣል። እኔም በወጣትነቴ በጥሼ አውቃለሁ። ቱቦው መሀሉ ላይ እንደ ክር እየቀጠነ፣ እየነጣ ሄደና እጄ ላይ ቀረ። ውስጥ የቀረው ጣት የሚያህል ቁራጭ ነበር፣ ግን አይታይም ነበር። እሱን ፍለጋ ካምቢዮውን ከሞተሩ መለየት ግድ ሆነብኝ። ያንቺ ከዚያ በብዙ ይሻላል።

አሁን ቀዳዳው ውስጥ ምንም እንዳትጥይ። የምታስገቢው መሣሪያ ሁሉ ክር ይታሰርለት። ቀጭን ረጅም አፍ ያለው ፒንሳ ከደረሰ ጠርዙን ብቻ ያዥው፤ ወደ ታች እንዳትገፊው ተጠንቀቂ። ካልደረሰ ከቱቦው ውስጥ ስፋት በጥቂቱ የሚወፍር፣ እንጨት ላይ የሚታሰር የብረት ቪቴ ከዘንግ ጫፍ ጋር አጥብቀሽ አያይዢ። ቪቴውን በተቆረጠው አፍ ውስጥ ሳትጫኚ አዙሪው። ሁለት ሦስት ዙር ከነከሰ ይበቃል። ከዚያ ለመጀመሪያው ጠያቂ እንዳልኩት ነው፦ መለስ፣ ሩብ ዙር፣ ሳብ። ማግኔት አትሞክሪ፣ ፕላስቲክ አያነሳም። ጋዝ ወይም ናፍታ አፍስሶ ማጠብም አይሆንም፤ ቁራጩን ወደ ጥልቁ ይወስደዋል።

ካልወጣ ከላይ ወይም ከጎን ያለው ክዳን ይከፈታል። አዲስ ጓርኒሲዮን (የክዳን ማሸጊያ) ሳታዘጋጂ አትክፈቺ። ሞተሩንም አታስነሺ።

አንድ አባል፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? የነሐስ ቱቦ ተጠቀሙ። አይለሰልስም፣ አይቆለመምም።

ሌላ አባል፦ የኔ ካምቢዮ ቀዳዳ በላይ ያለው ክፍተት ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ቀጥ ያለ ብረት በየት በኩል ይገባል?

የመጀመሪያው አባል፦ ትንሽ አጠፍ ታደርገዋለህ።

ሌላ አባል፦ የታጠፈውማ ያው መንጠቆ ሆነ!

የመጀመሪያው አባል፦ ለማንኛውም ሰዎች የሚቸገሩት የሞተር ዘይት ስለሚሞሉ ነው። ካምቢዮ ቀዩን የአውቶማቲክ ዘይት ነው የሚፈልገው።

ሌላ አባል፦ ስህተት ነው። የኔ መመሪያ የሞተር ዘይት ይላል።

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ሁለታችሁም ስለራሳችሁ ካምቢዮ ልክ ናችሁ። ቀዩን ዘይት የሚፈልግ አለ፣ የሞተር ዘይት የሚፈልግም አለ። መመሪያውን አንብቡ፣ አትደባልቁ። ነሐስም ከላይ በቂ ክፍተት ላለው ሰው ጥሩ ነው፤ ለሌለው አይሆንም። ወደ ቱቦው እንመለስ።

ጥያቄ፦ እሺ ሞተር አይነሳ። ፕሮፔለሩን በእጄ ባዞረውስ?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቱቦው በማርሽ ጥርስ መካከል ከተያዘ አንዳንዴ ሌላ መንገድ የለም። ግን ብቻህን አይሆንም። ካምቢዮው ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) ይሁን። አንድ ሰው ቱቦውን በሁለት ጣት ይዞ ይጠብቅ፣ ሌላው ጀልባው ውስጥ ሆኖ የፕሮፔለሩን ዘንግ ትንሽ ያዙር። ቱቦው ወደ ውስጥ ከሄደ ወዲያው ቁሙ፣ በተቃራኒው አዙሩ።

እግረ መንገዴን፦ ጀልባው የሚፈስ ውኃ ላይ ከታሰረ ፕሮፔለሩ ብቻውን ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ቱቦ የተያዘበት ሰው ዘንጉ እንዳይዞር ይሰረው።

ጥያቄ፦ የመጠጥኩት ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል። ምንድን ነው?

መልስ፦ ውኃ ገብቶበታል። የካምቢዮውን ዘይት ማቀዝቀዣ አስመርምር። የዛሬ ርዕሳችን አይደለም።

ጥያቄ፦ ሞተሩን አስነስቼ ወዲያው ባጠፋውስ?

መልስ፦ አራተኛ ጊዜ ልጻፈው፦ አይነሳም። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ ያለውን አንብቡ።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ እንዳይደርስብን ምን እናድርግ?

መልስ፦ ዘይቱ ለብ ያለ ይሁን እንጂ ትኩስ አይሁን። እጃችሁን ካምቢዮው ላይ አሳርፋችሁ ሳትቃጠሉ መቆየት ከቻላችሁ በቂ ነው። የቱቦውን አፍ በሰያፍ ቁረጡት፤ ሰያፍ አፍ ግድግዳ ላይ አይጣበቅም። ስለታም ጠርዙን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ቱቦውን ከመለኪያው ዘንግ ጋር ለክታችሁ ቴፕ ለጥፉበት። ዘይት መምጣት ሲያቆም ሰዎች ቱቦውን የበለጠ ይገፉታል። የሚያዘውም ያኔ ነው። ቴፑ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ቁሙ።

የመጀመሪያው ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ወጣ! ካደረ በኋላ በሽቦው ወጣ። ጫፉ እንደ ማጭድ ቆልመም ብሏል።

መልስ፦ ደስ አለኝ። አሁን ሳትጥለው ጫፉን አጥርተህ እየው። አፉ እንደቆረጥከው ነው ወይስ የተሸረፈ ነገር አለ?

የመጀመሪያው ጠያቂ፦ እንደነበረ ነው። ርዝመቱንም ለካሁት፣ አልጎደለም።

መልስ፦ እንግዲያው የቀረውን ዘይት በሌላ ቱቦ ምጠጠውና በነጭ ጨርቅ አጥልለው። ጨርቁ ላይ የፕላስቲክ ስባሪ ካላየህ አዲሱን ሙላ። ትንንሾቹ ካምቢዮዎች የሚይዙት 0.3 ሊትር ያህል ብቻ ስለሆነ እየለካህ ጨምር። ከዚያ ሞተሩን አስነሳ። ፎሌ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሥራ፣ አጥፋውና ዘይቱን እንደገና ለካ።