ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ዓሣ ማጥናት ይቻላል?

ጥያቄ፦ «ሸዋ ሮቢት ያደግኩ፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ካሪቢያን ባሕርን ስለወረረው ላየንፊሽ የሚባል ዓሣ ካየሁ ወዲህ እሱን መቆጣጠር ሙያዬ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ‹ባሕር በሌለበት አገር?› ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ የቤተሰቦችሽ ጥያቄ ተገቢ ነው። አንቺም ግን ፍላጎትሽን አትተዪው። እስቲ መጀመሪያ ሥራውን እንየው።

ላየንፊሽ በትውልድ ቦታው፣ በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች፣ ወራሪ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፍሎሪዳ አካባቢ መጀመሪያ የታየው እ.አ.አ. በ1985 ነው። ከቤት የዓሣ ገንዳ እንደተለቀቀ ይታመናል። እዚያ ደፍሮ የሚበላው ዓሣ እምብዛም የለም፤ አንዷ ሴት ደግሞ በዓመት እስከ 2 ሚሊዮን እንቁላል ትጥላለች። ጠላቂዎች በጦር እየወጉ አንድ በአንድ ያወጡታል። መርዙ ያለው እሾሁ ላይ እንጂ ሥጋው ውስጥ ስላልሆነ 18ቱን እሾሆች በመቀስ ቆርጠው ይበሉታል፤ የአደን ውድድርም ያዘጋጃሉ። ጠላቂ የማይደርስበት ጥልቀት ውስጥ ያለው ግን መራባቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ዓላማው ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ መያዝ ነው። ሙያው እንግዲህ ይኸው ነው፦ መቁጠር፣ ካርታ ላይ ማስፈር፣ ሰው ማሳመን፣ ከዚያ ተመልሶ መቁጠር።

ይህን ደግሞ እዚያው ሰፈርሽ መማር ትችያለሽ። መንገድ ዳር በቅሎ ማሳ ውስጥ የሚገባውን ባለ ነጭ አበባ አረም፣ ፓርቴኒየምን፣ ታውቂው ይሆናል። እሱ ደግሞ ከአሜሪካ አህጉር ወደ እኛ የመጣ ወራሪ ነው። ከብት ከበላው ወተቱ ይመራል። በባዶ እጅ የሚነቅለውን ሰው ቆዳውን ያሳክከዋል። አንዱ ተክል ከ10 ሺህ በላይ ዘር ስለሚያፈራ ካበበ በኋላ መንቀል ብዙም አይጠቅምም።

የመመረቂያ ጥናትሽን በእሱ ላይ ሥሪ። አማካሪሽ «የተለመደ ርዕስ ነው» ቢልሽ የራስሽን ቀበሌ ካርታ ይዘሽ ሂጂ። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ ላፕቶፕ ካገኘሽ ራስሽን ማስተማር ትችያለሽ።

ለማስተርስ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የውኃ ሳይንስና የዓሣ ሀብት ትምህርት አለ፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በዓሣና በረግረጋማ መሬት ላይ ያስተምራል። ጣናም ከእምቦጭ ጋር እየታገለ ነው። ስኮላርሺፕ ስትጠይቂ የራስሽ የመስክ መረጃ ካለሽ ከብዙ አመልካች ትቀድሚያለሽ ብዬ አምናለሁ። ዋና ካልቻልሽ ግን ዛሬውኑ ጀምሪ፤ ጠልቆ መሥራት ያለዚያ አይታሰብም።

የመጀመሪያውን ቆጠራ ክረምት ላይ፣ አረሙ ሳያብብ አድርጊው። ጓንትና ረጅም እጅጌ እንዳትረሺ።