መልስ፦ የሳንታ ክሮቼን ግቢዎች አትዝለላቸው

ፍሎረንስ የምትቆየው ግማሽ ቀን ስለሆነ፣ «ሳንታ ክሮቼ ገዳም ውስጥ ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ይበቃኛል ወይ?» ብለሃል። እኔ በበኩሌ አይበቃም ባይ ነኝ። ብዙ ሰው የማይክል አንጄሎንና የጋሊሊዮን መቃብር ፎቶ አንስቶ ውልቅ ይላል። በጎን ስትወጣ ግን ሣር የለበሰ ጸጥ ያለ ግቢ አለ። ጫፉ ላይ የፓዚ ቤተሰብ ጸሎት ቤት ቆሟል፤ አርክቴክቱ ብሩኔሌስኪ እንደነደፈው ይነገራል። ሁለተኛውን ግቢ ደግሞ ቀጫጭን አምዶችና ቅስቶች ዙሪያውን ከበውታል። እኔ የምወደው እሱን ነው። እዚያ ትንሽ ቁጭ በል።

የመነኮሳቱን የድሮ መመገቢያ አዳራሽም እይ። በፈረንጆች ኅዳር 1966 የአርኖ ወንዝ ሞልቶ እዚያ የነበረውን፣ ሠዓሊው ቺማቡዌ በእንጨት ላይ የሳለውን ስቅለት አበላሸው። ከቀለሙ 60 በመቶ ያህሉ ታጥቦ ሄደ።

ትኬቱ አንድ ነው፤ ለግቢዎቹ ሌላ አትከፍልም።